የ401ኬ መቶኛ ለውጥ ጥያቄዎች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሴፕቴምበር 15፣ 2025

የተሰጠኝ ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ሠራተኞች ለ401ኬ የጡረታ ቁጠባ ከደመወዛቸው የሚቆረጠው መቶኛ እንዲለወጥላቸው ሲጠይቁ ጥያቄው መንገድ ላይ እንዳይቀር ማድረግ። ከጃንዋሪ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ድርጅታችን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንንና ሕሙማንን በየቤታቸው የሚንከባከቡ ሠራተኞችን ያሰማራል። ቁጥራችን ከመቶ በታች ነው፤ ከሠራተኛው አብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነው።

ጃንዋሪ የተመረጠው በሕግ ምክንያት ነው። የቁጠባ ዕቅዳችን የተቋቋመው በ2024 ነው። ሴኪዩር 2.0 የተባለው ሕግ ዲሴምበር 29፣ 2022 ከተፈረመ በኋላ የተቋቋሙ ዕቅዶች፣ ከአሥር የማይበልጥ ሠራተኛ ካላቸው ወይም ሦስት ዓመት ካልሞላቸው ድርጅቶችና ከጥቂት ሌሎች በስተቀር፣ ከ2025 ጀምሮ ሠራተኛውን ሳይጠይቁ የመመዝገብ ግዴታ አለባቸው። ሠራተኛው አልፈልግም ካለ ይወጣል፤ ዝም ካለ ግን ቢያንስ 3 በመቶ ይቆረጥበታል፣ ቆረጣውም ቢያንስ 10 በመቶ እስኪደርስ በየዓመቱ አንድ በመቶ ይጨምራል። እኛ በ3 ጀምረናል። ስለዚህ ዝም ያለው ሁሉ ጃንዋሪ ላይ ወደ 4 ይሸጋገራል። ሰው ዝም የሚለው ደግሞ የክፍያ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ እስኪለወጥ ድረስ ብቻ ነው።

ጥያቄ በየት በየት እንደሚመጣ ስጠያይቅ ዋልኩ። በስልክ መልእክት ይመጣል። በተቆጣጣሪዎች በኩል በቃል ይመጣል። የሥራ ሰዓት መዝገብ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ይመጣል። የቁጠባውን ሂሳብ በሚይዝልን ድርጅት ድረ ገጽ በኩልም ይመጣል፤ ይኼኛውን ከእኛ መካከል አዘውትሮ የሚያየው ሰው የለም። ሁሉም መንገድ ጥያቄ ይቀበላል። ጥያቄው ከተነገረበት ቀን እስከ ተቆረጠበት ዓርብ ድረስ ያሉት ቀናት ግን ባለቤት የላቸውም። ቅጽ ቢሻሻልም ባይሻሻልም ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ሴፕቴምበር 19

የደመወዝ ቀን። ሁለት ዝርዝር አወጣሁ፤ አንደኛው ሂሳብ ያዡ ድርጅት ለእያንዳንዱ ሰው የመዘገበው መቶኛ፣ ሁለተኛው ደመወዝ በሚያሰላው ሥርዓት፣ በፔሮሉ፣ ዛሬ የተቆረጠው። በኤክሴል ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

አብዛኛው ይገጥማል። የማይገጥመው ግን እያንዳንዱ የየራሱ ታሪክ አለው። አንዱ በድረ ገጹ ላይ ወደ 8 ከፍ አድርጎ ኖሯል፤ ፋይሉን ከዚያ አውርዶ ወደ ፔሮል የሚያስገባ ሰው አልነበረም። አንዷ «50» ብላ ጽፋለች፤ 50 ዶላር ማለቷ ነው፣ ድረ ገጹ ግን 50 በመቶ ብሎ ይዞታል። ፔሮሉ ይህን ፋይል ቢያነብ ኖሮ ምስኪኗ በዚህ ዓርብ ግማሽ ደመወዝ ይዛ ትገባ ነበር። የአንዱ ችግር ሌላውን ያዳነበት ቀን ነው።

ከሁሉ የከበደው የአንዲት እናት ጉዳይ ነው። ጁላይ 28 በወረቀት ላይ ፈርመው ከ3 ወደ 6 በመቶ እንዲያድግ ጠይቀዋል። ወረቀቱ በተቆጣጣሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉት ደመወዞች በሙሉ በ3 ሄደዋል።

ሴፕቴምበር 24

የዕቅዱን ሰነድ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ስለ ሰነዱ ይናገራል፤ ከፍቶ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ለእኔ ሥራ የሚጠቅሙኝ ሦስት ነገሮች ነበሩ።

መቶኛን በማንኛውም ጊዜ መለወጥ ይቻላል፤ ለውጡ የሚጀምረው «አስተዳደራዊ ሥራው እንደፈቀደ» ነው። ይህ ሐረግ ላላ ያለ ስለሆነ ቀኑን ራሳችን መወሰን አለብን። ማቆም፣ ማለትም ወደ ዜሮ መውረድም፣ እንደ ማንኛውም ለውጥ ይታያል።

ድርጅቱ የሚጨምረው፣ ሠራተኛው ለሚያዋጣው የመጀመሪያ 3 በመቶ እኩል በእኩል፣ ለቀጣዩ 2 በመቶ ደግሞ ግማሹን ነው። 3 ለሚያዋጣ 3፣ 4 ለሚያዋጣ ሦስት ተኩል፣ 5 ለሚያዋጣ 4። ከ5 በላይ ቢያዋጡ የድርጅቱ ድርሻ አይንቀሳቀስም። ይህ ገንዘብ ከገባበት ቀን ጀምሮ የሠራተኛው ነው፤ ሥራ ቢለቅም አይወሰድበትም።

ሦስተኛው የደመወዝ ትርጓሜ ነው። መቶኛው የሚሰላው ከምን ላይ ነው? ሰነዱ የትርፍ ሰዓትንም የሌሊት ጭማሪንም ያካትታል። ወደ ፔሮሉ ሄጄ የክፍያ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ስከፍት የሌሊት ጭማሪው ላይ ለ401ኬ ይቆጠራል የሚለው ምልክት አልተደረገም። ሌሊት የሚያድሩ ሠራተኞች 3 በመቶ ነው ቢባሉም የሚቆረጥላቸው ከዚያ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ሽንብራ ውስጥ እንዳለች ጠጠር፣ እስክትነከስ አትታይም። ጉዳዩን ለዕቅዱ አማካሪ አስተላልፌያለሁ፤ ወደ ኋላ የሚታረመው ሂሳብ የእሱ ሥራ ነው። ምልክቱን ግን ዛሬውኑ አስተካክለናል።

ኦክቶበር 1

የጁላይ 28ቷ እናት ቢሮ መጡ። ቡና አቀረብኩላቸው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ በጊዜው ፈርሜ ሰጥቻለሁ» አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ግን የወረቀቱን ፎቶ በስልካቸው ይዘዋል። ፎቶው ላይ ቀኑ በግልጽ ይነበባል።

«እውነትዎን ነው እትዬ። ወረቀቱ ደርሷል፤ ያልተፈጸመው በእኛ በኩል ነው» አልኳቸው። ከዚያ ሂሳቡን አብረን ሠራን። በየክፍያው 1,600 ዶላር ያገኛሉ ብንል፣ 3 በመቶ 48 ዶላር ነው፣ 6 በመቶ 96። ከኦገስት 8 እስከ ሴፕቴምበር 19 ባሉት አራት ክፍያዎች 192 ዶላር ሳይቆረጥ በእጃቸው ገብቷል። ያ ገንዘብ ደመወዛቸው ነው፤ ተከፍሏቸዋል። የቀረባቸው የድርጅቱ ጭማሪ ነው። በ3 ሲሆን 48 የጨመረላቸው ድርጅት በ6 ቢሆን 64 ይጨምር ነበር። በየክፍያው 16፣ በአራቱ 64 ዶላር።

የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው የአይአርኤስ የእርምት ደንብ እንዲህ ላለው ጉዳይ መንገድ አለው። ስህተቱ ከሦስት ወር ሳይበልጥ ከተስተካከለና ትክክለኛው ቆረጣ ከጀመረ በ45 ቀን ውስጥ ሠራተኛው በጽሑፍ ከተነገረው፣ አሠሪው ያልተቆረጠውን መዋጮ ከኪሱ እንዲተካ አይገደድም። የቀረውን የራሱን ጭማሪ ግን ገንዘቡ በጊዜው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሊያፈራ ይችል ከነበረው ትርፍ ጋር ያስገባል። ጊዜው ሲረዝም ሂሳቡ ይከብዳል፤ ያመለጠው መዋጮ ሩብ ወይም ግማሽ በአሠሪው ላይ የሚወድቅበት ሁኔታ አለ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ነው የመሳቢያውን ጉዳይ የምር የያዙት።

«እና የእኔው 192 ዶላርስ?» ሲሉ ጠየቁኝ እትዬ። እሱን ለመተካት ከፈለጉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መቶኛቸውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይችላሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆረጥ ነገር ግን የለም። አሰቡና በ9 በመቶ እንዲሆን ፈረሙ። ከነገ ወዲያ በሚከፈለው ይጀምራል።

ኦክቶበር 8

ቅጹ። አንድ ገጽ ነው፤ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ፣ በሌላው አማርኛ። የሚፈረመው በእንግሊዝኛው ላይ ነው፤ አማርኛው ለመረዳት ነው።

የጨቀጨቀን የዶላርና የበመቶ ጉዳይ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ሰው በዶላር ነው የሚያስበው፣ ዶላር ይሁን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቁጥሩ በእጅ የሚያዝ ነው። የእኛ ሥራ ግን ሰዓቱ ቋሚ አይደለም። አንድ የምትንከባከባቸው አዛውንት ሆስፒታል ሲገቡ ሰማንያ ሰዓት ትሠራ የነበረችው ሠራተኛ ሠላሳ ሰዓት ይዛ ትቀራለች። 150 ዶላር ቁረጡልኝ ብላ ከሆነ በደጉ ጊዜ የማይሰማት ቆረጣ በክፉው ጊዜ የቤት ኪራይ ይነካል። በመቶ ከሆነ ከደመወዙ ጋር አብሮ ይወርዳል። የድርጅቱ ጭማሪም የሚሰላው በበመቶ ስለሆነ ሁለቱን ማስታረቅ ቀላል ነው። በበመቶ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ከጎኑ ግን ትንሽ ሠንጠረዥ አለ፦ በየክፍያው 800፣ 1,200፣ 1,600 ዶላር ለሚያገኝ ሰው 1 በመቶ ስንት ዶላር እንደሆነ።

ቁጥሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል፤ እንደ ቼክ። «50» ብሎ ነገር ከእንግዲህ አያልፍም።

ሌላው ምርጫ ግብር ሳይቆረጥበት የሚገባው መዋጮና ግብሩ ተከፍሎበት የሚገባው፣ ሮት የሚባለው ነው። በመጀመሪያው ዓይነት የገቢ ግብር አሁን አይከፈልም፣ ሲወጣ ይከፈላል። በሮት አሁን ይከፈላል፤ ሂሳቡ አምስት ዓመት ከሞላውና ባለቤቱ 59 ዓመት ተኩል ካለፈው ሲወጣ ግብር የለበትም። የመንግሥት ጡረታው ሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ እና የአረጋውያን የጤና መድኅኑ ሜዲኬር 1.45 በመቶ ግን በሁለቱም ከሙሉው ደመወዝ ይቆረጣል። «401ኬ ካስገባሁ ምንም ግብር የለብኝም» የሚል ወሬ በሠራተኛው መካከል ሥር ሰዷል፤ ይህን መስመር በአማርኛው በኩል በደማቁ አስገባሁት።

ኦክቶበር 14

የመጨረሻ ሰዓት ተወሰነ። ከክፍያው ዓርብ በፊት ያለው ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ የደረሰ ቅጽ በዚያ ክፍያ ይፈጸማል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰው ለሚቀጥለው ይተላለፋል። በቅጹ ላይ ሁለት ቀን ይጻፋል፦ የተቀበልንበትና የሚጀምርበት የክፍያ ቀን። ሁለቱንም የሚሞላው ተቀባዩ ነው፤ ለሠራተኛውም ቅጂው እዚያው ይሰጠዋል። ቅጂው ላይ ቀን ስላለ ማንም ማንንም አይለምንም።

አንድ ተቆጣጣሪ «ዘግይቶ ቢያመጣም ባለፈው ክፍያ እንደተቆረጠ አድርገን እናስተካክልለት» የሚል ሐሳብ አመጣ። ደግነት ነው፣ ግን አይሆንም። ምርጫው ደመወዙ በሠራተኛው እጅ ከመግባቱ በፊት መደረግ አለበት፤ የተከፈለ ደመወዝ ወደ ኋላ ሄዶ ቁጠባ አይሆንም። ይህ የግብር ሕጉ መሠረት ነው።

ኦክቶበር 22

ሰሞኑን ከቅጹ ይልቅ ሰውን ሳዳምጥ ነው የሰነበትኩት። «መቶኛዬን ለውጡልኝ» ተብሎ የሚመጣው ጥያቄ ከግማሽ በላይ ሌላ ጉዳይ ነው።

ብዙዎቹ ባለፈው ጃንዋሪ የተጀመረባቸው ቆረጣ የመንግሥት ግዴታ ይመስላቸው ነበር። አያስገርምም። አዲስ አበባ በግል ድርጅት የሠራ ሰው ጡረታን የሚያውቀው 7 በመቶ ከእሱ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ተቆርጦ እንደሚገባ ነው፤ ጨምሩልኝ፣ ቀንሱልኝ የሚባልበት መስኮት የለም። እዚህ መጥቶ 3 በመቶ ሲቆረጥበት ያንኑ ነው ያየው። «መለወጥ ይቻላል» ሲባል የመጀመሪያው ምላሽ ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው፦ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረንም? ተነግሯል፤ በሰባት ገጽ እንግሊዝኛ።

ሁለተኛው ወገን «አቁሙልኝ» ሲል «ገንዘቤን መልሱልኝ» ማለቱ ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። ማቆም ከሚቀጥለው ክፍያ ጀምሮ እንዳይቆረጥ ነው፤ እስካሁን የገባው ባለበት ይቆያል። ሳይጠየቅ የተመዘገበ ሰው የመጀመሪያው ቆረጣ ከተደረገበት በ90 ቀን ውስጥ ያዋጣውን መልሶ ሊያወጣ ይችላል፤ ግብሩን ይከፍላል፣ የድርጅቱን ጭማሪ ግን ያጣል። ያ ጊዜ ካለፈ፣ ሥራ ላይ ሳለ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ ማውጣት የሚቻለው ሰነዱ በሚፈቅደው ጠባብ ምክንያት ብቻ ነው፤ ከገቢ ግብሩ በላይም አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ይታከልበታል። የሕክምና ወጪ፣ ከቤት ከመፈናቀል መዳን፣ የወላጅ ወይም የልጅ የቀብር ወጪ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። የዕረፍት ጉዞ የለበትም። በቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው የሰሙ አንዳንዶች ደግሞ «በችግር ያወጣ ስድስት ወር እንዳያዋጣ ይታገዳል» ይላሉ፤ ይህ እገዳ ከ2020 ጀምሮ ቀርቷል።

ሦስተኛው ወገን የዓመት በዓል ወገን ነው። ከእንቁጣጣሽ በፊት፣ ከገና በፊት፣ ዕቁብ በሚጀመርበት ወር፣ አገር ቤት ትኬት በሚቆረጥበት ክረምት። «ለሁለት ወር ወደ ዜሮ አውርዱልኝ፣ ከዚያ እመልሳለሁ።» ይህ ፍጹም ሕጋዊ ጥያቄ ነው፤ ሰው የራሱን ገንዘብ ነው የሚያዘው። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው፤ የሚያስታውሰው የለም፣ ዜሮው በዚያው ዜሮ ሆኖ ይከርማል። ስለዚህ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ለውጡ ጊዜያዊ ከሆነ የሚመለስበት የክፍያ ቀንና መቶኛ። ፊርማው ሁለቱንም ይሸፍናል።

አንድ አባት የጠየቁኝ ጥያቄ ደግሞ ከቅጽ ጋር ምንም የማያገናኘው ነው። «እኔ ስጦር አገሬ ነው የምገባው። ይህ ገንዘብ እዚያ ድረስ ይከተለኛል?» ሂሳቡ በስማቸው እንደሆነ፣ ያዋጡት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው እንደሆነ፣ የሚኖሩበት አገር ባለቤትነቱን እንደማይለውጠው ነገርኳቸው። የግብሩን ነገር ግን ባለሙያ ጠይቁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቅጹን ግን ሳይሞሉ ይዘውት ሄዱ።

ኦክቶበር 29

«አንተ ብትሆን ስንት ታደርገዋለህ?» ይህን ጥያቄ ለመመለስ ያለኝ ፈተና ትልቅ ነው፤ በተለይ ጠያቂው ታላቅ ሲሆን ዝምታው ንቀት ይመስላል። ግን ደመወዝ ክፍል መካሪ አይደለም። ለራሴ ያወጣሁት መስመር፦ ሂሳቡን አሳያለሁ፣ ቁጥሩን አልመርጥም። 1,600 ዶላር ለሚያገኝ ሰው ከ3 ወደ 5 ማሳደግ በየክፍያው 32 ዶላር ተጨማሪ ያስቆርጣል፤ የፌዴራል ግብር እርከኑ 12 በመቶ ከሆነና መዋጮው ግብር ሳይቆረጥበት የሚገባ ከሆነ ከእጁ የሚጎድለው ግን የግዛቱን ግብር ሳንቆጥር 28 ዶላር ገደማ ነው። ድርጅቱ የሚጨምርለት ከ48 ወደ 64 ያድጋል። እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። ተቆጣጣሪዎቹም ከዚህ እንዳያልፉ ተነግሯቸዋል፤ አንዱ «ሁላችሁም አሥር አድርጉ» እያለ ሲያስተምር ነበር።

ኖቬምበር 5

ከሁሉ በላይ ያከራከረን ውሳኔ ዛሬ አለቀ፦ ሁለቱ መዝገቦች ሲለያዩ እውነቱ የትኛው ነው? የሂሳብ ያዡ ድርጅት መዝገብ ሆኗል። ወረቀት ያመጣ ሰው ካለ በማግሥቱ የሥራ ቀን እኛው ወደዚያ እናስገባለን፤ ፔሮሉ መቶኛ የሚወስደው ከዚያ ከሚወርደው ፋይል ብቻ ነው። ፔሮል ውስጥ በእጅ መቶኛ መለወጥ ተዘግቷል። የእኔም መብት ጭምር። ሥራ አስኪያጁ «ቸኩሎ የመጣ ሰውስ?» አሉ፤ ቸኩሎ የመጣም በዚያው በር ይገባል።

በስልክ መልእክት የመጣ ጥያቄ እንደ ጥያቄ አይቆጠርም፤ ቅጹን ለመላክ ምክንያት ይሆናል እንጂ። በኢሜይል የመጣ ከሆነ ሠራተኛው ቀድሞ ባስመዘገበው ስልክ ደውለን እናረጋግጣለን፤ ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም። የባንክ ሂሳቤን ለውጡልኝ የሚሉ የአጭበርባሪ መልእክቶች በደመወዝ ክፍሎች ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ለመቶኛ ለውጥም ያው ልማድ ይሠራል። የተፈረሙት ቅጾች ቢያንስ ለስድስት ዓመት ይቀመጣሉ።

ኖቬምበር 14

አይአርኤስ የ2026ቱን ጣሪያ ትናንት አሳውቋል፦ ከደመወዝ የሚዋጣው ከ23,500 ወደ 24,500 ዶላር፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው የሚፈቀደው ተጨማሪ ከ7,500 ወደ 8,000። የእኛን አብዛኛውን ሠራተኛ አይነካም። የሚነካው ነርሶቹን ነው፤ በተለይ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ሥራ ያላቸውን። ጣሪያው የሰውየው እንጂ የአሠሪው አይደለም። እኛ ዘንድ 15,000፣ ሆስፒታል 15,000 ያስገባ 50 ዓመት ያልሞላው ሰው አልፏል፤ ሁለቱም አሠሪዎች ግን የየራሳቸውን ብቻ ስለሚያዩ ማንም አያስጠነቅቀውም። ቅጹ ላይ «ሌላ አሠሪ ዘንድ 401ኬ አለዎት?» የሚል ጥያቄ ገብቷል። መልሱን እኛ አንመረምርም፤ ጠያቂው ራሱን እንዲጠይቅ ነው።

አንዲት ነርስ ደግሞ ከጃንዋሪ ጀምሮ 50 በመቶ አድርጉልኝ፣ ቶሎ ሞልቼ ልገላገል አለችኝ። ዓመታዊ ደመወዟን 90,000 ብንወስድ ጣሪያው በአሥራ አምስተኛው ክፍያ ይሞላል። ሰነዳችን የድርጅቱን ጭማሪ የሚያሰላው በየክፍያው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ተደምሮ የሚስተካከል ነገር የለም። በቀሩት አሥራ አንድ ክፍያዎች ምንም ስለማታዋጣ ምንም አይጨመርላትም፤ የሚቀርባት ከ1,500 ዶላር በላይ ነው። በ27 በመቶ ብታደርገው ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል። ሂሳቡን አይታ 27 ጻፈች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ፔሮሉ ዝም ብሎ እንዳይቀበል ከ25 በመቶ በላይ የሆነ ማንኛውም ቅጽ ከመግባቱ በፊት ለጠያቂው ይደወላል።

ኖቬምበር 25

ዓመታዊው ማስታወቂያ ዛሬ ወጣ። አዲሱ ዓመት ከመግባቱ ቢያንስ 30 ቀን በፊት በሠራተኛው እጅ መግባት አለበት። ከእንግሊዝኛው ሰነድ ጋር አንድ ገጽ አማርኛ አባሪ አድርገናል።

አማርኛውን ስጽፍ የተገለጠልኝ ነገር ቅጹን እንደገና አስከፈተኝ። በ3 መቆየት የሚፈልግ ሰው «እኔ ምንም አልለውጥም» ብሎ ቅጹን አይሞላም። ካልሞላ ግን 4 ይሆናል። ባለበት ለመቆየት መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ከቅጹ አናት ላይ አንድ ሳጥን ተጨመረ፦ «አሁን ባለሁበት መቶኛ መቀጠል እፈልጋለሁ፤ በየዓመቱ እንዳይጨመርብኝ።» ይህን ምልክት ያደረገ ሰው ከአሁን ወዲያ ራሱ እስኪለውጠው ድረስ አይነካም። ሳጥኑ ከገባ ወዲህ ከመጡት ቅጾች አብዛኞቹ ይህችን ሳጥን የያዙ ናቸው።

ዲሴምበር 17

ቅጾች እየገቡ ነው፤ ቀኖቹ እየተጻፉ ነው። አስተያየት የሚያስፈልገው ብዙ የለም። ተቆጣጣሪዋ መሳቢያዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ ባዶ ነው፣ ሳትጠየቅ።

አንድ ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ በቂ አልተባለም። የመጀመሪያው የጃንዋሪ ክፍያ ጃንዋሪ 9 ነው። የሚከፈለው በዲሴምበር ለተሠራ ሰዓት ነው። ቆረጣው ግን የሚከተለው የተከፈለበትን ቀን ስለሆነ በ4 ይሄዳል። «የዲሴምበር ሥራዬ ላይ ለምን 4?» የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጃንዋሪ 7 ደግሞ ገና ነው፤ ሰው በግ ገዝቶ፣ ቤት አሳምሮ፣ በሁለተኛው ቀን የክፍያ ወረቀቱን ይከፍታል። ለዚህ ክፍያ የመጨረሻው ሰዓት ጃንዋሪ 2 እኩለ ቀን መሆኑን የሚያስታውስ አጭር መልእክት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለሁሉም ተልኳል።

ጃንዋሪ 9፣ 2026

ፋይሉ ከሂሳብ ያዡ ወርዶ በአንድ ጊዜ ገባ። ከክፍያው በፊት ሁለቱን ዝርዝሮች አነጻጸርኩ። የማይገጥሙት ሁለት ስሞች ናቸው፦ አንዱ ሥራ ለቆ በኖቬምበር የተመለሰ ሠራተኛ ሲሆን በሁለት የሠራተኛ ቁጥር ተመዝግቦ ተገኝቷል፤ ሁለተኛው ስሙ በፓስፖርቱና በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ በተለያየ ፊደል የተጻፈ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በሚቆጠርበት አገር ይህ የእኛ ሰው ዘላለማዊ ዕዳ ነው። ሁለቱም ክፍያው ከመውጣቱ በፊት ተስተካክለዋል።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ አላረፈም። ከደወሉት ውስጥ «ጨምሩልኝ» ያሉም ነበሩ፤ ይህን አልጠበቅኩም። ጁላይ ላይ ፈርመው የነበሩት እናት ደውለው ከ9 ወደ 6 እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያመለጣቸውን ተክተዋል። ቅጹ ተልኮላቸዋል።

ጃንዋሪ 13

የሠራተኞቹ መዋጮ ዛሬ ወደ ሂሳቦቻቸው ገብቷል። ከመቶ በታች ተሳታፊ ላላቸው ዕቅዶች የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ የገባን መዋጮ በጊዜው እንደገባ ይቆጥራል፤ ለዚህ ክፍያ ያ ቀን ጃንዋሪ 21 ነበር። ሰኞ ጃንዋሪ 19 የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ስለሆነ ባንክ ዝግ ነው፤ ዘንድሮ ከጥምቀት ጋር ገጥሟል፣ ቢሮውም ባዶ ነው የሚሆነው። ይህንንም አስበን ነው ቀድመን ያስገባነው።

የሌሊት ጭማሪው ወደ ኋላ የሚታረምበት ሂሳብ ከአማካሪው ገና አልመጣም። ለጃንዋሪ 23 ክፍያ የሚፈጸሙ ቅጾች እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ይቀበላሉ። እስከ አሁን የደረሱት ተመዝግበዋል፤ ቅጹን ሳይሞሉ ይዘው የሄዱት የእኚያ አባት ቅጽም አብሮ አለ፣ 5 በመቶ።